የግርግሙ መዝሙር በፖስታ

ሐምሌ 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከእኔ ቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ደግሞም ያ የማይደክመው መዶሻዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከሳሙናው ብዛት እጄ ከመሰነጣጠቁ በቀር የማማርረው ነገር የለኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጉድ ስለሠራሁ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ገና ሲመጣ ከየሥራ ክፍሉ አንድ ሰው ለአረጋውያኑ አንድ ነገር እንዲያቀርብ ያደርጋል። ከወጥ ቤቱ አንዱ ይዘፍናል፣ ከጥበቃዎቹ አንዱ በመጫወቻ ካርታ ዓይን ያታልላል። ዋናዋ ነርስ ባለፈው ሰኞ ወደ እኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርዳ «ከዚህስ ማን ነው?» ስትል ሁሉም አቀርቅሮ አንሶላ ማጠፍ ጀመረ። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ በቆርቆሮ ዋሽንት የገና መዝሙር እጫወታለሁ፤ አጎቴ ነው ያስተማረኝ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ዋሽንት የማውቀው ሱቅዎ በራፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ሊያስተምሩኝ ሲያስቀምጡኝ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብዬ በዚያው የጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ስሜ መግቢያው ላይ በትልቁ ሰሌዳ ተጽፏል። ከአልጋቸው የማይወርዱ አንዲት ጡረተኛ መምህርት አሉ፤ አንሶላ ልቀይርላቸው በገባሁ ቁጥር «የዋሽንቷ ልጅ መጣሽ?» ይሉኛል። ምን ብዬ «ዋሽቻለሁ» ልበላቸው?

እባክዎ በደብዳቤ ያስተምሩኝ። ብዙ አልፈልግም፤ አንድ መዝሙር ብቻ። በየዓመቱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የሚጫወቱትን የግርግሙን መዝሙር። እስከ ገና ጊዜ አለ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ችኩሏ የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለችኩሌ፣

ዕድሜሽ ይርዘም። የሰው አንሶላ የሚያጥብ እጅሽን ክፉ አይንካው። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም እንደ ባለቤቱ ግትር ሆኖ አለ።

ደብዳቤሽን እያነበብኩ በሳቅ መዶሻዬን እግሬ ላይ ጣልኩት። በር ላይ ቆሜ እንኳ ላቆያት ያልቻልኩ ልጅ፣ ባሕር ተሻግራ «አስተምሩኝ» ትበል? ይሁን። ውሸትሽን እውነት እናደርገዋለን።

ከዚህ ጋር ዋሽንት ልኬልሻለሁ። ከዘይት ጣሳ የቆረጥኳት ናት፤ ጀርባዋ ላይ የጣሳው ቀይ ቀለም ቀርቷል፣ ሆን ብዬ አልፋቅኩትም። አፏ ውስጥ ያለችውን የእንጨት ውታፍ እንዳትነካኪ። ድምፅ የሚወጣው በውታፏና በቆርቆሮው መካከል ካለችው ቀጭን ክፍተት ነውና፣ እሷ ከተበላሸች የቀረሽ ጣሳ ነው።

አሁን ልብ በይ። ስድስት ቀዳዳ አላት። የግራ እጅሽ ሦስት ጣቶች ላይኞቹን፣ የቀኝ እጅሽ ሦስት ጣቶች ታችኞቹን ይይዛሉ። አውራ ጣቶችሽ ከሥር ይደግፉ፤ ትንሿ ጣት ሥራ የላትም፣ ትረፍ። ቀዳዳውን በጣትሽ ጫፍ አትዝጊ። ጫፍ አጥንት ነው፣ አየር ያሾልካል፤ አየር በሾለከ ቁጥር ደግሞ ዋሽንቷ እንደ ተረገጠች ድመት ትጮህብሻለች። ጣትሽን ዘርግተሽ በለስላሳው ሥጋ ክደኚው። ትንፋሽሽም ሻይ ለማብረድ እንደሚነፋ ሰው ይሁን እንጂ ከሰል እንደሚያቀጣጥል አይሁን።

መዝሙሩን ከታች በክብ በክብ ሥዬልሻለሁ። ጥቁሩን ክብ ዝጊ፣ ነጩን ክፈቺ። የመጀመሪያውን ስንኝ እስክትጨርሺ ሁለተኛውን እንዳታዪው። እንደማታስችዪ ስለማውቅ ሁለተኛውን በወረቀቱ ጀርባ ነው የጻፍኩት።

እዚህ ልጆቹ ዘንድሮም ተሰብስበዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ማኅበር አዳራሽ እንለማመዳለን። አንዲት ጥርሰ ወላቃ ትንሽዬ መጥታለች፣ ቁርጥ አንቺን ነች። «ሽንት ቤት» ስትል ዋሽንቷን በመያዣ ተቀብዬ ነው የምለቃት። ሱቁም ያው ነው። ከመኪና የወለቀ የጎን መስተዋት አግኝቼ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። የዚህ መንገድ ሰው ኮቴ የለውም፤ ድንገት ከኋላዬ ቆሞ እያስደነገጠኝ ተቸገርኩ።

በርቺ።
አጎትሽ ቆርቆሮው


መስከረም 7

ለውድ አጎቴ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። ዋሽንቷ በሰላም ገባች። ቀዩን ቀለም ሳይ ሱቅዎ የገባሁ ያህል የቆርቆሮው ሽታ መጣብኝ።

በምሳ ሰዓት ከማድረቂያ ማሽኖቹ ጀርባ ሆኜ እለማመዳለሁ። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ስህተቴን ሰው አይሰማውም ብዬ ነበር፤ ለካ ይሰማል። አንድ ቀን ጥበቃው ድመት ገብታለች ብሎ በመጥረጊያ ሊያባርራት መጣ። ማድረቂያው ላይ የምትሠራው ጓደኛዬ ከሳቋ ብዛት ያጠፈችውን ሁሉ በተነችው። ቢሆንም የመጀመሪያውን ስንኝ ይዣለሁ። ሁለተኛውን ለማየት ወረቀቱን ሳልገለብጥ መቆየቴን ይመኑኝ። እሺ፣ አይመኑኝ።

ባለፈው ሳምንት ድምፅዎ ናፍቆኝ ጎረቤትዎ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ደውዬ አስጠራሁዎት። «አራተኛው ቀዳዳ ላይ ድምፁ ይሰበርብኛል፣ ምን ላድርግ?» ስልዎት «አሜን፣ አሜን፣ አንቺም ደህና ሁኚ» ብለው ዘጉት። መስመሩ ነው ወይስ ተቀየሙኝ?

ለማንኛውም መፍትሔ አግኝቻለሁ። ጓደኛዬ የድምፅ መቅረጫ አላት። ባሏ «እኔ አላንኮራፋም» ብሎ ስለሚሟገታት፣ ተኝቶ ሳለ ቀርጻ ልታሰማው የተዋሰችው ነው። እሷ ማስረጃዋን ከጨረሰች በኋላ እኔ መዝሙሩን እቀርጽበታለሁ። ወደዚያ የሚመጣ መንገደኛ ስላለ ካሴቱን ይዞልዎት ይመጣል። ሰምተው ይንገሩኝ።

የዋሽንቷ ልጅ


ጥቅምት 2

ለችኩሌ፣

አንቺንም አዲሱ ዓመት በደስታ ይቀበልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

መቀየም የሚባል ነገር የለም፣ መስመሩ ነው። ያ ፀጉር አስተካካይ ስልኩን ከመቀሱና ከተቆረጠ ፀጉር ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ዳግመኛ አትደውዪ። ወረቀት ይሻላል፣ ወረቀት አይንጫጫም። ካሴትም አያስፈልግም። ጣትሽ የት እንደሚውል በደንብ ከጻፍሽልኝ ይበቃኛል። አራተኛው ቀዳዳ የሚሰበርብሽ ቀኝ ክርንሽ ከጎንሽ ተጣብቆ ነው። ክርንሽን ገለል አድርጊው፣ ጣትሽ ራሱ ይቀናል።

እዚህ አዲስ ነገር መጥቷል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት መምህር አምጥቷል። የገና ዕለት እሱ መግቢያውን ይጫወትና እኛ ከእሱ ቀጥለን እንገባለን አሉ። ድሮ እኔ ስጀምር ልጆቹ ይከተሉኝ ነበር፣ አለቀ። አሁን የሌላ ሰው ጅራት ይዞ መግባት ምን የሚሉት ነው? ብዬ ተቆጣሁ። «አርጅተሃል» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ክርንሽን እንዳትረሺ።
አጎትሽ


ጥቅምት 19

አጎቴ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፣ ጉድ ሆኛለሁ! መንገደኛው ካሴቱን አምጥቶልዎት ከሆነ እንዳይከፍቱት። ይህ ደብዳቤ ቀድሞት እንዲደርስ ፖስታ ቤት ድረስ በሩጫ ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ካሴቶች፣ የእኔና የጓደኛዬ፣ ከካውያ ጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። መልካቸው አንድ ነው። መንገደኛው በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፈኝ አንዱን አንስቼ ሰጠሁት። ትናንት ጓደኛዬ ባሏን፣ አማቷንና የባሏን እህት ሰብስባ «አሁን ይለይልናል» ብላ ካሴቷን ከፈተች። የወጣው የግርግሙ መዝሙር ነው፣ ከነጩኸቱ! ባሏ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ፣ እኔ ስተኛ እዘምራለሁ እንጂ አላንኮራፋም።»

እና እርስዎ ዘንድ የመጣው የእሱ ማንኮራፋት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ወፍራም ሰው ነው፤ ጓደኛዬ እንደምትለው የቁም ሳጥኑ በር ይንቀጠቀጣል። እርስዎን ለሚያህል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ስለላክሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ይጣሉት።

ያፈረችው ልጅዎ


ጥቅምት 21

ለምወድሽ ልጄ፣

እሰይ፣ እሰይ! ፈጣሪ ትንፋሽሽን ይባርከው።

ካሴትሽ ትናንት ደረሰኝ። አያስፈልግም ብዬሽ ነበር፤ ከመጣ ግን እንዴት ይቀመጣል? የድሮ ቴፔን አቧራዋን አራገፍኩ፣ የሱቄን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። መንገዱ ሁሉ ይስማልኝ፣ የወንድሜ ልጅ ናት ብዬ።

ምን ልበልሽ! እንዴት ያለ ንጹሕ ድምፅ ነው! ትንፋሽሽ ረዝሟል፣ ይህን ያህል በአጭር ጊዜ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንሽ ትቸኩያለሽ፣ የድሮ አመልሽ ነው፤ ቀስ በይበት። መጨረሻው ላይ አለስልሰሽ የምታሳርፊው ግን ልቤን ነካው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያዳመጥኩሽ።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በአረፋ እንደ ተቀባ ጥሎ መጣ። ጫማ ሰፊውም መጣ። በራፌ ላይ ቆመው ሰሙሽ። ፀጉር አስተካካዩማ ሆዱን ይዞ እንባው እስኪፈስ ድረስ በደስታ ሳቀ። «የእኔ ተማሪ ናት!» አልኳቸው። ከወንድሜ ሠርግ ወዲህ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

የኮራብሽ አጎትሽ ቆርቆሮው


ኅዳር 10

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥቅምት 21 የጻፉልኝ ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። ማድረቂያው አጠገብ ቆሜ ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ትንፋሽሽ ረዝሟል» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን። «ሦስተኛው ስንኝ» የሚለው ላይ ግን ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። 

አጎቴ፣ ካሴቱ ላይ ሦስተኛ ስንኝ የለም። ካሴቱ ላይ መዝሙር የለም። የተኛ ሰው ነው ያለው።

እንደምንም ቀልድ ላደርገው ሞከርኩ። አጎቴ ቀልደኛ ነው፣ የእኔ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶት ሊያሾፍብኝ ነው አልኩ። ግን ቀኑን አየሁት፤ የእኔ ደብዳቤ በዚያን ጊዜ ገና መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቴ ቆመ። መስተዋቱ። ኮቴ የሌላቸው ሰዎች። አትደውዪ ማለትዎ። እኔ ስለ ቀዳዳ ስጠይቅ እርስዎ «አሜን» ማለትዎ። እዚህ አንሶላቸውን ከማጥብላቸው ሰዎች ግማሾቹ ጆሯቸው ደክሟል። ሲያናግሯቸው ፈገግ ብለው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። በየቀኑ የምሰማውን «አሜን» ከራሴ አጎት አፍ ሲወጣ እንዴት አላወቅኩትም?

አይሰሙም? ከመቼ ጀምሮ?  እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 28

አጎቴ፣

ለማንኮራፋቱ ደብዳቤዬ እንኳ አልመለሱልኝም። ፖስታ ቤቱ አዘገየው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ አቃተኝ።

ሌላ አልጠይቅዎትም። ባዶ ወረቀት እንኳ ቢሆን በፖስታ ይላኩልኝ፤ እጅዎ አድራሻዬን መጻፉን ልይ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

አዎ። አልሰማም።

ሰላምታ ሳላስቀድም የጻፍኩት፣ ሰላምታ ከጀመርኩ በዚያው ሌላ ወሬ ውስጥ ገብቼ እንደምደበቅ ስለማውቅ ነው።

መዶሻው ነው አሉኝ። ዕድሜ ልክ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ዋጋውን ጆሮ ይከፍላል። መጀመሪያ የጠፉት ወፎቹ ናቸው፤ እኔ ዛፉን ትተው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ መፉጨቱን አቆመ፣ ክዳኑ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ሠራሁለት። ከዚያ ሰዎች ሁሉ እያንሾካሾኩ ማውራት ጀመሩ፣ የሚያሙኝ መሰለኝ። ዋሽንቷ መጨረሻ ቀረች። አንድ ቀን ጠዋት ነፋኋት፣ ጣቶቼ ሥር ትነዝራለች፣ ግን የለችም። ውታፏን አውጥቼ አየሁ። እሷ ምንም አልሆነችም።

የማንኮራፋቱን ደብዳቤሽን ሳነብ ግንባሬን በመዶሻ የተመታሁ ያህል ነው የሆንኩት። ተነስቼ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። «ያን ቀን ምን ነበር የሰማኸው?» አልኩት። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ የአረፋውን ብሩሽ አንስቶ መስተዋቱ ላይ «ማንኮራፋት» ብሎ ጻፈልኝ። ከሥሩም «መንገዱን ልታስቅ መስሎኝ ነው የሳቅኩት» ብሎ ጨመረበት። የገረመኝ መጻፉ ነው። ሳልነግረው ጻፈልኝ። ያውቅ ኖሯል ማለት ነው፤ ጫማ ሰፊውም፣ ሁሉም። የማያውቁ መስሎኝ የምደክመው እኔ ብቻ ነኝ። ደብዳቤ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት በእፍረት ነው። በአንቺ አይደለም ያፈርኩት፣ በራፌን ከፍቼ «የእኔ ተማሪ ናት» ባልኩት በራሴ ነው።

ልጆቹን በጆሮዬ አይደለም የማስተምራቸው። ጣታቸውን ነው የማየው። የትኛው ጣት ዘግይቶ እንደተነሳ፣ የትኛው ቀዳዳውን እንዳልከደነ ሳይ ድምፁ እዚህ ደረቴ ውስጥ ይመጣልኛል። እንዲህ እያደረግኩ ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ልጅ አላወቀብኝም። የዘንድሮው ኪቦርድ ግን ጉዴን አወጣው። መግቢያው ሲያልቅ በምን ልወቅ? ይህን እያሰብኩ ሳለ ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። መጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና ወረቀት ላይ «ዘንድሮ ይረፉ፤ መምህሩ ይመራቸዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ከምኑ ነው የማርፈው? ከቅዳሜ? ያን ከወሰዱብኝ፣ ድምፅ የሌለው መዶሻ ድምፅ የሌለው ቆርቆሮ ሲመታ ማየት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ለልጆቹ አልነገርኩም። አፌን ይዞኛል። አንቺም ለቤተሰብ እንዳታወሪ።

ካሴትሽን ስላወደስኩ ይቅር በይኝ። ልዋሽሽ ፈልጌ አይደለም። ልሰማሽ ፈልጌ ነው።

አጎትሽ


ቴሌግራም፣ ታኅሣሥ 21

ለልጆቹ ይንገሯቸው። ሊቀመንበሩን ሳይሆን እነሱን ይጠይቁ። እንዳያርፉ።


ጥር 4

ለምወድዎ አጎቴ፣

እንኳን አደረሰዎ። በዓሉ እንዴት እንዳለፈ ሳላውቅ ነው የምጽፈው፤ መቼም መጥፎውንም ቢሆን ይነግሩኛል።

የእኛ በጥሩ ሁኔታ አለፈ። ወጥ ቤቱ ዘፈነ፣ ጥበቃው ካርታውን ከእጁ በትኖ ራሱ ተታለለ። ከዚያ ስሜ ተጠራ። መምህርቷን ከነአልጋቸው እየገፉ አምጥተው ከፊት ለፊቴ አቁመዋቸው ነበር። ክርኔን ገለል አደረግኩ፣ ሻይ እንደማበርድ ነፋሁ፣ የግርግሙን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩ። አንድም ስህተት አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበ፤ መምህርቷም እጄን ይዘው አልለቅም አሉ።

ካሴት አልልክልዎትም። በመጨረሻው ደብዳቤዎ የጻፉት ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ አስቤበት፣ ሌላ ነገር ልኬያለሁ። ጓደኛዬ የፎቶ ካሜራ አላት። በማግስቱ ማድረቂያው ክፍል መስኮት አጠገብ ብርሃን ባለበት ቆምኩና መዝሙሩን እንደገና ጀመርኩ። እያንዳንዱ ድምፅ ላይ ጣቴን እንዳለ አቆማለሁ፣ እሷ ታነሳለች። አንድ ሙሉ ፊልም ጨረስን። ፊቴ የለበትም፣ ጣቶቼና ዋሽንቷ ብቻ። ተራው እንዳይጠፋ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ፊልሙን ያመጣው ባሏ ነው፤ «ለማንኮራፋቴ ካሣ ይሁን» አለ። በመጨረሻ አመነ ማለት ነው።

ናፋቂዎ ልጅዎ


ጥር 27

ለዋሽንቷ ልጅ፣

ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ።

ቴሌግራምሽን ያመጣው ሰውዬ ሰው ሞቶብኝ መስሎት ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። አንብቤ ኪሴ ከተትኩትና ቅዳሜ ልጆቹን አስቀምጬ ነገርኳቸው። «ልጆች፣ እኔ አልሰማም። ቆየ» አልኳቸው።  ከዚያ ጥርሰ ወላቃዋ ተነስታ ሰሌዳው ላይ «ታዲያ ስሳሳት እንዴት ያውቁብኛል?» ብላ ጻፈች። «ከጣትሽ» አልኳት። አላመነችም። ሹራቧን አውልቃ እጆቿን ሸፈነችበትና ዋሽንቷን ነፋች። ሌሎቹ ጆሯቸውን ይዘው መሬት ላይ ሲንከባለሉ አየሁ። «አሁን አሸነፍሽኝ» አልኳት። ሹራቧን ገለጠችና ጣቶቿን ዓይኔ ሥር አምጥታ እንደገና ነፋች። «ሁለተኛው ጣትሽ» አልኳት። ሁሉም እየሳቁ ጣታቸውን ይዘው ተንጋጉብኝ፣ የእኔስ፣ የእኔስ እያሉ መሰለኝ። ሊቀመንበሩን የጠየቁት እነሱው ናቸው። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ግን ከአዳራሹ ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር።

የገና ዕለት ከሱቄ የመኪናውን መስተዋት ነቅዬ ይዤ ሄድኩ። ወንበሬን አዞርኩና ጀርባዬን ለሕዝቡ፣ ፊቴን ለልጆቹ ሰጠሁ። አዳራሹ ደነገጠ፤ በእንግዳ ሁሉ ፊት ጀርባ መስጠት ምን የሚባል ነውር ነው? መስተዋቱን ጉልበቴ ላይ አቆምኩት። በእሱ የመምህሩ እጆች ኪቦርዱ ላይ ሲሄዱ ይታየኛል። እጆቹ ሲያርፉ ገባሁ። ልጆቹም አብረውኝ ገቡ፤ ከጣታቸው አየሁ፣ አንድም የዘገየ አልነበረም። ሲያልቅ ጭብጨባውን በመስተዋቱ አየሁት። ፀጉር አስተካካዩ ቆሞ ነበር፣ በዚህ ጊዜ ሆዱን አልያዘም። ሊቀመንበሩም ቆሞ ነበር። ለምን እንደቆመ አልጠየቅኩትም።

ፎቶዎችሽ ትናንት ደረሱኝ። ጠረጴዛዬን ከቆርቆሮ አጽድቼ በቁጥራቸው ተራ ደረደርኳቸው። እንዴት ያለ ነገር አሰብሽ፣ ልጄ! ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው፣ ክርንሽን ማራቅሽ ከጣትሽ ይታወቃል። ሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ፣ ሕፃኑ ሲተኛ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። የቀኝ እጅሽ የቀለበት ጣት በጫፉ ነው የቆመው። ከጥፍሩ ሥር ነጭ ሆኗል፣ ከጎኑም የቀዳዳዋ ጠርዝ እንደ ጨረቃ ቁራጭ ይታያል። እዚያ ጋ አየር ይሾልካል።

«አንድም ስህተት አልነበረም» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ግን እዚያ ጋ ደረቴ ውስጥ ጮኸብኝ። በበዓሉ ዕለትም እዚያው ላይ ጮኻብሻለች። አልጮኸችብሽም? እውነቱን ንገሪኝ። ጣትሽን ዘርጊው፤ እስከሚመጣው ገና ጊዜ አለ።

አጎትሽ ቆርቆሮው


የካቲት 19

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ፣ የሰው ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት።

ጮኻብኛለች። እዚያው ላይ፣ ሕፃኑ ሲተኛ የሚለው ጋ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ ዋናዋ ነርስ ጆሮዋን ያዘች፤ መምህርቷ ደግሞ «ሕፃኑን ቀሰቀስሽው!» ብለው ጮኹ። እርስዎን ላለማሳዘን ነበር የደበቅሁት። ጓደኛዬን እንኳ ለሰው እንዳታወሪ ብዬ አስምዬያት ነበር። ከዚህ ማንም አልጻፈልዎትም፣ ካሴትም አልመጣልዎትም። 

ጣቴን ዘርግቻለሁ። ከዚህ ጋር ያችን አንዷን ፎቶ እንደገና ተነስቼ ልኬያለሁ። ሰምተው ይንገሩኝ።

ተማሪዎ